የምግብ ጭማሪና የክትባት ደኅንነት ሕግ በካሊፎርኒያ፦ አንድ ነዋሪ ጥያቄውን ከቤቱ ተነሥቶ እስከ አገረ ገዢው ጠረጴዛ እንዴት ያደርሳል?

አሜሪካ ውስጥ ዳቦና ከረሜላ ላይ ምን እንዳይጨመር የሚከለክለው ዋሽንግተን ብቻ ነው ብለን የምናምን ብዙዎች ነበርን። የካሊፎርኒያው አገረ ገዢ ጋቪን ኒውሰም ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ኤቢ 418 የተባለውን ሕግ («ኤቢ» ከአሴምብሊ፣ «ኤስቢ» ከሴኔት የተነሣ ረቂቅ ማለት ነው) ሲፈርሙ ግን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ግዛት በራሱ ሥልጣን ቀይ ቀለም ቁጥር 3ን፣ ፖታሲየም ብሮሜትን፣ ፕሮፒልፓራቤንንና ብሮሚን የገባበትን የአትክልት ዘይት ከገበያው ሊያስወጣ እንደሚችል ታየ። ክልከላው የሚጸናው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ሲሆን፣ ሕጉን የጣሰ ነጋዴ ለመጀመሪያው ጥፋት እስከ 5,000 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ለሚፈጽመው ለእያንዳንዱ ደግሞ እስከ 10,000 ዶላር ይቀጣል። የፌዴራሉ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ማለትም ኤፍዲኤ፣ የብሮሚኑን ዘይት ፈቃድ የሰረዘው በጁላይ 2024፣ የቀይ ቁጥር 3ን የሰረዘው ደግሞ በጃንዋሪ 2025 ነው፤ ሁለቱንም ከግዛቱ በኋላ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ሕግ እንዲወጣ ወይም የወጣው እንዲሻሻል መጎትጎት ለሚፈልግ፣ ነገር ግን ከየት እንደሚጀምር ግራ ለገባው ነዋሪ ነው። ካሊፎርኒያን የመረጥኩት ሂደቱን በቅርብ ስለማውቀው ነው፤ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ የምትኖሩ የኮሚቴዎቹን ስምና የጊዜ ሰሌዳውን በራሳችሁ ግዛት ብትተኩት አካሄዱ ብዙም አይለይም። ዜግነት ያላገኘ ሰውም ቢሆን መምረጥ አይችልም እንጂ ለምክር ቤት አባል ደብዳቤ ከመጻፍም ሆነ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ከመናገር የሚከለክለው ሕግ የለም።

አንደኛ፦ ጥያቄዎ የማን ሥልጣን እንደሆነ ይለዩ

አብዛኛው ጉትጎታ ውኃ የሚበላው እዚህ ላይ ስለሆነ በዚህ ነጥብ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ይገባል። የግዛት ምክር ቤት አባል ሊሠራው የማይችለውን ነገር ከጠየቁት ጨዋነት የተሞላበት የምስጋና መልስ ይደርስዎታል፤ ጉዳዩም በዚያው ይቀራል።

በምግብ በኩል፣ አንድ ጭማሪ በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲፈቀድ የሚያደርገው የ1958ቱ የፌዴራል ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለ፤ «በጥቅሉ ደኅንነቱ የታወቀ ነው» የተባለ ንጥረ ነገር በጭማሪነት ቅድመ ፈቃድ ማግኘት አያስፈልገውም፣ ይህንንም አምራቹ ራሱ በቀጠራቸው ባለሙያዎች አስወስኖ ለኤፍዲኤ እንኳ ሳያሳውቅ ሊጠቀምበት የቻለበት ዘመን ረጅም ነው። ግዛቶች የገቡት በዚህ ክፍተት ነው። ግዛቱ አንድን ንጥረ ነገር በመላው ገበያ መከልከል፣ በትምህርት ቤት ምግብ ውስጥ ብቻ መከልከል፣ ወይም አምራቹ ምርቱን አስመርምሮ ውጤቱን ይፋ እንዲያደርግ ማዘዝ ይችላል። ሦስቱም በካሊፎርኒያ ተሞክረዋል። ከላይ የጠቀስኩት ኤቢ 418 የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በሴፕቴምበር 2024 የተፈረመው ኤቢ 2316 ሁለተኛው ዓይነት ሲሆን፣ ቀይ 40ን፣ ቢጫ 5ንና ቢጫ 6ን ጨምሮ ስድስት ሰው ሠራሽ ቀለሞችን ከዲሴምበር 31 ቀን 2027 ጀምሮ ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያስወጣል። የሕጻናት ምግብ አምራቾች እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረቶችን እንዲመረምሩና ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ውጤቱን እንዲያሳውቁ ያስገደደው ኤቢ 899 ደግሞ ሦስተኛው ነው። በማሸጊያው ላይ የሚጻፈውን ነገር በተመለከተ ግን የ1990ው የፌዴራል የምልክት ሕግ ለግዛቶች የተወው ቦታ ጠባብ በመሆኑ፣ «ይህን ጽሑፍ ለጥፉ» የሚል ጥያቄ ፍርድ ቤት የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ክትባት ላይ መስመሩ ሌላ ቦታ ነው የተሠመረው። አንድ ክትባት ደኅንነቱና ፍቱንነቱ ተረጋግጦ ፈቃድ የሚያገኘው ከኤፍዲኤ ብቻ ነው፤ ሳክራሜንቶ የተቀመጠው የግዛቱ መንግሥት ክትባት አያጸድቅም፣ የቀመሩንም ይዘት አይወስንም። በክትባት ተጎዳሁ የሚል ሰው ካሳ የሚጠይቅበት ሥርዓትም በ1986ቱ ሕግ የተቋቋመ የፌዴራል ፕሮግራም ነው፤ አቤቱታው የመጀመሪያው ምልክት ከታየ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የግዛቱ እጅ ያለው ልጆች ትምህርት ቤት ለመግባት የትኞቹን ክትባቶች መውሰድ እንዳለባቸው፣ ማን በምን ምክንያት ከግዴታው ነጻ እንደሚሆን፣ የክትባት መዝገቡ እንዴት እንደሚያዝ፣ ፋርማሲስት ለማን መከተብ እንደሚችል፣ እንዲሁም ወላጅ መረጃውን በምን ቋንቋ እንደሚያገኝ በመሳሰሉት ጉዳዮች ላይ ነው። ግዛቶች ክትባትን የማስገደድ ሥልጣን እንዳላቸው የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1905 በማሳቹሴትሱ የጃኮብሰን ጉዳይ፣ ትምህርት ቤትን በሚመለከት ደግሞ በ1922 ወስኗል። ካሊፎርኒያ በዲዝኒላንድ ከተነሣው የኩፍኝ ወረርሽኝ በኋላ በ2015 ባወጣችው ኤስቢ 277 በግል እምነት ላይ የተመሠረተውን ነጻ መሆን ሰርዛ የሕክምና ምክንያትን ብቻ ትታለች፤ ይህንንም በ2019 አጥብቃዋለች።

ሁለተኛ፦ ጥያቄውን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ያውርዱት

የመጀመሪያ ደብዳቤዬ አምስት ገጽ ነበር። ስለ ቀለም፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ትምህርት ቤት ምሳና ስለ መድኃኒት ኩባንያዎች ትርፍ በአንድነት ጽፌ፣ በመጨረሻ አንዲት ወጣት የቢሮ ረዳት ደውላ «እሺ፣ የትኛው አንቀጽ እንዲቀየር ነው የሚፈልጉት?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ለማንም የምነግረው ይህንኑ ነው፤ ጥያቄዎ «ማን፣ ምን፣ ከመቼ ጀምሮ» የሚሉትን በአንድ ትንፋሽ ካልመለሰ ገና አልበሰለም።

ምሳሌ ልስጥ። ክትባት የሚሰጥ ባለሙያ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ጥቅሙንና ጉዳቱን የሚያስረዳ ወረቀት ለወላጅ እንዲሰጥ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። ወረቀቱ በአማርኛ ይሁን የሚል ግዴታ ግን የለም። ካሊፎርኒያ በ1973 ባወጣችው የሁለት ቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የግዛቱ መሥሪያ ቤቶች የሚተረጉሙት ቋንቋው ከተገልጋዩ 5 በመቶ ያህሉን ሲይዝ ነው፤ አማርኛ እዚያ ደረጃ ላይ የሚደርስበት ቢሮ ማግኘት ከባድ ነው። እንግዲህ «ስለ ክትባት ደኅንነት ማኅበረሰባችን በቂ መረጃ ያግኝ» ከማለት ይልቅ «የግዛቱ ጤና መምሪያ የሕጻናት ክትባት የመረጃ ወረቀቶችን ከ5 በመቶ በታች ተናጋሪ ባላቸው ቋንቋዎች ጭምር አስተርጉሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ያውጣ» ማለት ሕግ አርቃቂው ወዲያው ብዕር እንዲያነሣ ያደርጋል። በእኔ ግምት ከማኅበረሰባችን ሊነሡ ከሚችሉት የክትባት ጥያቄዎች ሁሉ ተቃዋሚ የማይበዛበትና ለእናቶቻችን ፈጥኖ የሚደርሰው ይህ ነው።

ምግቡንና ክትባቱን በአንድ ረቂቅ አያጣምሯቸው። ወደተለያዩ ኮሚቴዎች የሚሄዱ፣ ደጋፊያቸውም ተቃዋሚያቸውም የተለያየ ጉዳዮች ናቸው፤ የአንዱ ጠላት የሌላውንም ይገድለዋል።

ሦስተኛ፦ ማስረጃ

ለምግብ ቀለሞቹ ሕግ መሠረት የጣለው ጩኸት ሳይሆን ጥናት ነው። ምክር ቤቱ አስቀድሞ የግዛቱን የአካባቢ ጤና አደጋ ገምጋሚ ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን እንዲያጠና ጠየቀ፤ ጽሕፈት ቤቱ በኤፕሪል 2021 ሰው ሠራሽ ቀለሞች የአንዳንድ ሕጻናትን ባሕርይና ትኩረት ሊያውኩ እንደሚችሉ የሚያሳይ ሪፖርት አወጣ፤ ኤቢ 2316 የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በእጅዎ ጠንካራ ማስረጃ ከሌለ፣ ክልከላ ሳይሆን ጥናት እንዲታዘዝ መጠየቅ ራሱ ሙሉ ጥያቄ ነው።

ከጥናቱ ጎን ሰው በዓይኑ የሚያየው ነገር ያስፈልጋል። ፖታሲየም ብሮሜትን እንውሰድ። ሊጡን አጠንክሮ ዳቦው ጎላ ብሎ እንዲነሣ የሚያደርግ ነጭ ዱቄት ሲሆን፣ በሚገባ ሲጋገር ወደ ሌላ ውሕድ ይለወጣል፤ መጠኑ ከበዛ ወይም ዳቦው በቅጡ ካልበሰለ ግን የተወሰነው ይቀራል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ተርታ መድቦታል፤ የአውሮፓ ኅብረትና ካናዳም ከልክለውታል። ወደሚያውቁት ዳቦ ቤት ጎራ ብለው የ50 ፓውንዱን የዱቄት ከረጢት ገልበጥ አድርገው ያንብቡ፤ ስንዴ፣ ኒያሲን፣ ብረት፣ ሪቦፍላቪን እያለ ይወርድና፣ ካለበት፣ «ፖታሲየም ብሮሜት» ወይም «ብሮሜትድ» የሚል ቃል በደቃቅ ፊደል ያገኛሉ። ያንን ከረጢት በስልክ ማንሣት ከአሥር ገጽ ጽሑፍ ይበልጣል። ባለቤቱንም በዚያው ያነጋግሩ፤ ድፎ ዳቦና ኅብስት የሚሸጥ የሰፈራችን ነጋዴ ነገ ረቂቁን ተቃውሞ ከሚቆም፣ ዛሬ ስንት ወር የመሸጋገሪያ ጊዜ እንደሚበቃው ነግሮዎት በደብዳቤዎ ቢጠቅሱለት ይሻላል።

በክትባት በኩል ማስረጃ ሲሰበስቡ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ከክትባት በኋላ የተከሰቱ ሕመሞች የሚመዘገቡበት ቬርስ የሚባል የፌዴራል ሥርዓት ከ1990 ጀምሮ አለ፤ ማንም ሰው ሪፖርት ማስገባት ይችላል፤ በዚህም ምክንያት እዚያ መመዝገቡ ብቻውን ክትባቱ ሕመሙን አመጣ ማለት አይደለም። ቁጥሩን እንደ ማረጋገጫ አድርጎ ያቀረበ ሰው ኮሚቴው ፊት የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳይመልስ ይወድቃል። የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998ቱ ጽሑፍ በ2010 በመጽሔቱ ራሱ ተሰርዟል፤ ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሕጻናት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ግንኙነት አላገኙም። ይህ ወሬ ምን እንዳደረገ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በ2017 በሚኒሶታ 75 ሰዎች በኩፍኝ ሲያዙ አብዛኞቹ የጎረቤቶቻችን የሶማሌዎች ልጆች ነበሩ፤ ክትባት ይቅርብን ያስባላቸውም ይኸው ፍርሃት ነበር። የክትባት ደኅንነትን ማስጠበቅ እና ክትባትን ማስቀረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከመጀመሪያው መስመር ግልጽ ካላደረጉ፣ የመልካም ጥያቄዎ ዕጣ ከሌላው ጋር ይቆረጣል።

አራተኛ፦ የጊዜ ሰሌዳውን ይያዙ

ብዙ ሰው የሚነቃው ረቂቁ ዜና ሲሆን ነው፤ ያኔ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። አዲስ ረቂቅ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ፌብሩዋሪ አጋማሽ ወይም መገባደጃ ላይ ነው፤ አባላቱ ሐሳብ የሚመርጡት ግን ከዚያ በፊት፣ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ ነው። የገባ ረቂቅ ሠላሳ ቀን ሳይሞላው አይታይም። በማርችና በኤፕሪል ኮሚቴዎች ይመረምሩታል፤ እስከ ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን መግቢያ ድረስ ከተነሣበት ምክር ቤት ማለፍ አለበት፤ ከዚያ በሌላኛው ምክር ቤት ያንኑ መንገድ እንደገና ይጀምራል።

አምስተኛ፦ የራስዎን ተወካይ ያግኙ

80 አባላት ያሉት አሴምብሊና 40 አባላት ያሉት ሴኔት አሉ፤ እርስዎን የሚወክሉት ከእያንዳንዱ አንድ ሰው ናቸው። ሳክራሜንቶ ሳይሄዱ በየምርጫ ወረዳው ባለው ቢሮ ቀጠሮ ይያዙ። የሚያገኙት ተወካዩን ሳይሆን ረዳቱን ከሆነ ቅር አይበልዎት፤ ረቂቁን አንብቦ ለአለቃው የሚያስረዳው እሱ ነው። ሦስት ወይም አራት ሆነው ይሂዱ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ይተዉ፣ ከሃያ ደቂቃ በላይ አይቀመጡ። ሽማግሌ ሲሄድ መግቢያው የሚረዝመው እኛ ዘንድ ነው፤ እዚያ ጥያቄው በመጀመሪያው ደቂቃ መነገር አለበት።

ረቂቁን የሚያስተዋውቅ አባል ሲፈልጉ የራስዎ ተወካይ የጤና ወይም የመርዛማ ነገሮች ኮሚቴ አባል መሆኑን ይመልከቱ፤ ካልሆነ ወደሚመለከተው እንዲመራዎ ይጠይቁት። ኤቢ 418ን ያቀረቡት ጄሲ ገብርኤል ብቻቸውን አልነበሩም፤ በሸማቾችና በአካባቢ ጉዳይ የሚሠሩ ሁለት ትልልቅ ድርጅቶች ከጀርባቸው ቆመው ነበር። እርስዎም ከእንዲህ ያሉ ድርጅቶች ጋር ስምዎን ማስተሳሰር የሚገባዎት በዚህ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ማኅበራትና ስለ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ማስጠንቀቂያ። ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ረቂቅ ሕግን መደገፍም መቃወምም ይፈቀድለታል፤ የማይፈቀድለት ይህ ሥራ የእንቅስቃሴው ዋነኛ ክፍል እንዲሆን ማድረግ ነው። ለምርጫ ተወዳዳሪ መቀስቀስ ግን ፈጽሞ ክልክል ነው። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ ደብዳቤ ማስፈረም ይቻላል፤ «ይህን ያላደረገውን እንዳትመርጡ» ማለት አይቻልም። እርስዎ በግልዎ፣ ገንዘብ ሳይከፈልዎ እስከጎተጎቱ ድረስም በሎቢስትነት መመዝገብ አይጠበቅብዎትም።

ስድስተኛ፦ ደብዳቤው

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ሆኖ፣ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ይጻፋል፤ ምክር ቤቱ በከፈተው የኢንተርኔት መላኪያ በኩል ኮሚቴው ከመሰብሰቡ አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ መድረስ አለበት። ይህ ቀን ሥርዓት ብቻ አይደለም። የኮሚቴው ባለሙያዎች ለአባላቱ በሚያዘጋጁት ትንታኔ መጨረሻ ላይ የደጋፊና የተቃዋሚ ዝርዝር ይወጣል፤ የዘገየ ደብዳቤ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህም እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ይዘቱ በአማርኛ ቢገለጽ እንዲህ ይሆናል፦

«የተከበሩ ሰብሳቢ፣ እኔ የሳን ሆዜ ነዋሪና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ኤቢ ቁጥር እንዲህ የተባለውን ረቂቅ እደግፋለሁ። ልጄ በተከተበ ዕለት የተሰጠኝን ወረቀት ማንበብ ስላልቻልኩ የተፈጥሮ ትኩሳትን እንደ አደጋ ቆጥሬ ሌሊቱን ድንገተኛ ክፍል አድሬያለሁ። ረቂቁ ይህ በሌላ እናት ላይ እንዳይደርስ ያደርጋል። አንቀጽ ሁለት ላይ ትርጉሙ በሕክምና ባለሙያ እንዲታይ የሚል ቃል ቢጨመር እመርጣለሁ። ድጋፍዎን እጠይቃለሁ።»

ማንነት፣ ቁጥር፣ አንድ እውነተኛ ገጠመኝ፣ አንድ ማሻሻያ፣ ጥያቄ። ከዚህ ያለፈ አያስፈልገውም። አንድ ዓይነት ደብዳቤ በመቶ ሰው ማስፈረም ይቻላል፤ ሆኖም በራሳቸው ቃል የተጻፉ ዐሥር ደብዳቤዎች የበለጠ ይነበባሉ።

ሰባተኛ፦ ኮሚቴ ፊት

ከየወገኑ በአብዛኛው ሁለት ዋና ምስክሮች ብቻ ለየሁለት ደቂቃ ያህል ይናገራሉ፤ የደጋፊዎቹን የሚመርጠው የረቂቁ አቅራቢ ቢሮ ነው። ሁለት ደቂቃ በእንግሊዝኛ 250 ቃል ገደማ ነው፤ ቤትዎ ውስጥ በሰዓት እየለኩ ይለማመዱት። ሌላው ሰው ሁሉ ተሰልፎ ወደ ማይክሮፎኑ ይቀርብና ስሙን፣ የመጣበትን ከተማ ወይም ማኅበር፣ «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» የሚለውን ብቻ ተናግሮ ይወርዳል። ሦስት ሰዓት ነድቶ መጥቶ ለአምስት ሰከንድ መናገር የሚያናድድ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ነጠላ የለበሱ ሃያ እናቶች በሰልፍ ሲቆሙ ሰብሳቢው ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን ያነሣል። አስተርጓሚ ከፈለጉ ለኮሚቴው ጸሐፊ ቀናት አስቀድመው ያሳውቁ።

ስምንተኛ፦ ረቂቆች ድምፅ ሳይሰጥባቸው የሚሞቱበት ቦታ

ገንዘብ የሚያስወጣ ረቂቅ ሁሉ «አፕሮፕሪዬሽንስ» ወደሚባለው የወጪ ኮሚቴ ይሄዳል። ወጪው ከተወሰነ መጠን ካለፈ፣ በአብዛኛው ከ150,000 ዶላር፣ «ሰስፔንስ ፋይል» የሚባለው መዝገብ ውስጥ ይገባል። በሜይና በኦገስት አንዳንድ ቀን ሰብሳቢው በመቶዎች የሚቆጠሩ ረቂቆችን ውጤት በፍጥነት ያነብባል፤ «ታግዷል» የተባለው ያለ ክርክር እዚያው ይቀራል። የትርጉም ረቂቃችን በቀጥታ የሚያሰጋው ይህ ስለሆነ፣ ወጪውን ከመጀመሪያው መቀነስ ይገባል፤ ለምሳሌ ሁሉንም ክትባት ሳይሆን ለትምህርት ቤት መግቢያ የሚጠየቁትን ብቻ ማስተርጎም። ውጤቱ ከመነበቡ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ለኮሚቴው አባላት ቢሮ መደወል ከሁሉም ስልክ ይበልጣል።

ዘጠነኛ፦ ማሻሻያ ሲመጣ

ኤቢ 418 ሲጀመር አምስት ንጥረ ነገሮችን ይዞ ነበር። አምስተኛው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ አንድ ታዋቂ ከረሜላ ስለሚገኝበት ጋዜጦች ረቂቁን በዚያ ከረሜላ ስም «ክልከላ» እያሉ ጠሩት፤ የከረሜላ አምራቾችም አጥብቀው ተቃወሙት። ረቂቁ ሴኔት ሲደርስ ታይታኒየሙ ወጣ፣ የቀሩት አራቱም ሕግ ሆኑ። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 የከለከለውን ንጥረ ነገር መተው ለብዙ ደጋፊዎች መራራ ነበር፤ እኔ ግን ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ከስብሰባው በፊት በማኅበራችሁ ተቀምጣችሁ የማትለቁትን አንድ ነገርና ልትለቁት የምትችሉትን ሁሉ በጽሑፍ ለዩ፤ ረዳቱ ከሰዓት በኋላ ደውሎ እስከ ምሽት መልስ ሲፈልግ ሽምግልና ለመጥራት ጊዜ የለም። የመጨረሻው ቃል ድምፅ ከመሰጠቱ 72 ሰዓት በፊት ታትሞ መውጣት ስላለበት፣ በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ያንብቡ።

ዐሥረኛ፦ ፊርማና ከፊርማ በኋላ

በሁለቱም ምክር ቤቶች ያለፈ ረቂቅ ለአገረ ገዢው ይቀርባል፤ በምክር ቤቱ የሥራ ዘመን መካከል ከቀረበ ለመወሰን 12 ቀን፣ በመጨረሻው ከቀረበ 30 ቀን አላቸው። በእነዚህ ቀናት አጭር ደብዳቤ ለእሳቸው ይጻፋል፤ ስለ ወጪው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር አይርሱ፤ ረቂቆች ውድቅ ሲደረጉ ከሚሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው እሱ ነውና።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ገበያ ውስጥ ነው። ኤቢ 418ን በፍርድ ቤት የሚያስፈጽሙት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ የካውንቲና የከተማ ዐቃብያነ ሕግ ናቸው እንጂ ሸማቹ ራሱ ከሳሽ አይሆንም። ስለዚህ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 በኋላ የተከለከለ ነገር የተጻፈበት ምርት መደርደሪያ ላይ ካገኙ፣ ከመደብሩ ጋር አይከራከሩ፤ ምርቱን ይግዙት፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ፣ የንጥረ ነገር ዝርዝሩንና ከታች ወይም ከጎን የታተመውን የምርት መለያ ቁጥር አጥርተው ፎቶ ያንሡ፣ ማሸጊያውን ሳይጥሉ ለካውንቲዎ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጉዳይ ክፍል ይላኩ፤ ቅጂውንም ረቂቁን ላቀረበው አባል ቢሮ ያድርጉ።